ጫጫታን ያሸነፈው ሰው፦ የኤድዊን አርምስትሮንግ ሕይወት

የአምቡላንስ ስምሪት ክፍል፣ የጥበቃ ቢሮ ወይም የትልቅ ሆቴል መቆጣጠሪያ ክፍል ገብታችሁ የምታውቁ ከሆነ ጠረጴዛው ላይ ስልክ የምትመስል ሳጥን አይታችሁ ይሆናል። እጀታ አላት፤ ትንሽ ድምፅ ማጉያ አላት፤ የምትጫን አንዲት ቁልፍም አላት። ተረኛው ቁልፏን ተጭኖ ይናገራል፣ ለቆ ያዳምጣል። ሳጥኗ ሙሉ ሌሊት ዝም ብላ ትቀመጥና አንድ ሰው ከመንገድ ላይ ሲጠራ ድንገት ጥርት ያለ ድምፅ ይወጣታል።

ብዙ ሰው ሬዲዮው እሷ ትመስለዋለች። አይደለችም። ሬዲዮው ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ ጣሪያ ሥር አንቴናው አጠገብ፣ አንዳንዴም ኪሎ ሜትሮች ርቆ ኮረብታ ላይ። ሳጥኗ የሬዲዮው ሪሞት ናት። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ሽቦ ነው።

ዛሬ ከዚህ ሽቦ ተነስተን የአንድ ሰው ሕይወት እናወጋችኋለን። ሳጥኗ ያን ያህል ዝም እንድትል፣ ስትናገርም ያን ያህል እንድትጠራ ያደረገው የእሱ ሥራ ነው። ስሙ ኤድዊን ሃዋርድ አርምስትሮንግ ይባላል። ጨረቃ ላይ የወጣው አርምስትሮንግ አይደለም፤ ትራምፔት ተጫዋቹም አይደለም። ኤፍኤም በከፈታችሁ ቁጥር ግን የምትሰሙት የዚህን ሰው ሥራ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ስለ ሽቦው

ሬዲዮው ለምን እዚያው ጠረጴዛው ላይ አይቀመጥም? አንቴና ከፍ ያለ ቦታ ይፈልጋል። ከአንቴናው ወደ ሬዲዮው የሚወርደው ወፍራም ገመድ በረዘመ ቁጥር ደግሞ የሬዲዮውን ጉልበት መንገድ ላይ ይበላዋል። ስለዚህ ሬዲዮውን ወደ አንቴናው አስጠግቶ ድምፁን ብቻ በቀጭን ሽቦ ወደ ሰውየው ማምጣት ይሻላል።

ሳጥኗና ሬዲዮው ሲገናኙ አራት ነገሮች መሟላት አለባቸው፦

1. የተናጋሪውን ድምፅ ከማይክራፎኑ ወደ ሬዲዮው የሚወስድ ሽቦ፣
2. ሬዲዮው የተቀበለውን ድምፅ ወደ ሳጥኗ የሚመልስ ሽቦ፣
3. ቁልፏ ስትጫን ሬዲዮውን ከማዳመጥ ወደ መላክ የሚያዞር ሽቦ (ባለሙያዎቹ ፒቲቲ ይሉታል)፣
4. የሁሉም የጋራ መመለሻ፣ ማለትም ግራውንድ።

በብዙ ሬዲዮዎች ላይ ቁልፏ የምትሠራው ሦስተኛውን ሽቦ ከግራውንዱ ጋር በማገናኘት ብቻ ነው። ቀላል ይመስላል፤ ግን ሁለት ወጥመድ አለው። አንደኛው የድምፁ መጠን ነው። የማይክራፎን መግቢያ የሚጠብቀው በሚሊ ቮልት የሚለካ በጣም ደካማ ድምፅ ነው። ጠንካራ ድምፅ ከተሰጠው ንግግሩ ይሰባበራል። ሁለተኛው ግራውንዱ ነው። ሳጥኗና ሬዲዮው ከተለያየ ቦታ መብራት ሲወስዱ በመካከላቸው እምምም የሚል ድምፅ ይፈጠራል። መፍትሔው ድምፁን በትንሽ ትራንስፎርመር በኩል ማሳለፍ ነው። ድምፁ ያልፋል፣ ሁለቱ ዕቃዎች ግን በሽቦ አይነካኩም።

ሬዲዮው ኮረብታ ላይ ሲሆንስ? ያኔ ያለው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጥንድ የስልክ ሽቦ ብቻ ነው። የቁልፏ ትእዛዝም በፉጨት ይላካል። ሳጥኗ መጀመሪያ 2175 ኸርዝ የሆነ ፉጨት ለ120 ሚሊ ሰከንድ ያህል ጮክ አድርጋ ትልካለች። ቀጥሎ ትእዛዙን የሚናገር ሌላ ፉጨት፣ ለምሳሌ 1950 ኸርዝ፣ ለ40 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይሄዳል። ከዚያ ሰውየው ተናግሮ እስኪጨርስ ያው 2175 ዝቅ ብሎ ከንግግሩ ሥር ይቀጥላል። ኮረብታው ላይ ያለው ዕቃ ይህን ፉጨት እየሰማ አስተላላፊውን ያበራል፤ ፉጨቱ ሲቋረጥ ያጠፋል። ድምፁ አየር ላይ ከመውጣቱ በፊት ፉጨቱ ተጣርቶ ይቀራል። ተናጋሪው ቁልፍ ከመጫን ሌላ ምንም አያውቅም።

እንግዲህ ይሄ ሁሉ የሚጠቅመው ከወዲያ የሚመጣው ድምፅ ሰው የሚችለው ከሆነ ነው። ተረኛው ሌሊቱን ሙሉ ሽሽሽ የሚል ጩኸት ጆሮው ላይ ቢለቀቅበት ሳጥኗን ራሱ ያጠፋታል። ይህን ችግር ከሥሩ የፈታው ሰው ታሪክ የሚጀምረው ከአንድ በሽተኛ ልጅ ነው።

ከፍታ የሚወደው ልጅ

አርምስትሮንግ ዲሴምበር 18 ቀን 1890 ኒው ዮርክ ከተማ ተወለደ። አባቱ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የአሜሪካ ቅርንጫፍ ይሠሩ ነበር፤ እናቱ መምህርት ነበሩ። ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆነው ክፉኛ ታመመ። ሁለት ዓመት ከትምህርት ቤት ቀረ። በሽታው ለቀቀው፣ ግን ምልክቱን ትቶበት ሄደ፤ ትከሻውና አገጩ በተለይ ሲደነግጥ ወይም ሲደሰት ሳያስበው ይንቀጠቀጡ ነበር። እስከ መጨረሻው አልተወውም።

ቤተሰቡ ከሃድሰን ወንዝ ዳር ወዳለችው ዮንከርስ ከተማ ሄደ። ልጁ ዓይን አፋርና ብቸኛ ሆነ፤ ከሰው ይልቅ ማሽን ይወድ ነበር። አባቱ ስለ ፈልሳፊዎች የሚተርክ መጽሐፍ ሰጡት። ማርኮኒ ያለ ሽቦ መልእክት አሻገረ የሚለው ወሬ ዓለምን ያዳረሰበት ጊዜ ነበር። ልጁ በቃ ወሰነ፤ ፈልሳፊ እሆናለሁ አለ።

ግቢው ውስጥም 38 ሜትር ገደማ የሚረዝም የአንቴና ምሰሶ ብቻውን አቆመ። አሥራ ሁለት ፎቅ ያህል ነው። በገመድ በተንጠለጠለች መቀመጫ ራሱን እየጎተተ ጫፉ ላይ ይወጣ ነበር። ጎረቤት ይደነግጣል፤ እሱ ግን ከፍታ አያስፈራውም። ይህን ነገር ያዙልን፤ ወደ ኋላ ይመለሳል።

በ1909 ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ከዮንከርስ እየተመላለሰ የሚማረው አባቱ በገዙለት ቀይ ሞተር ሳይክል ነበር።

ሌሊቱን የቀሰቀሰው ድምፅ

በዚያን ጊዜ ኦዲዮን የምትባል የመስታወት ቱቦ ነበረች። የፈለሰፋት ሊ ደ ፎረስት ነው። ችግሩ እንዴት እንደምትሠራ ራሱ ደ ፎረስትም በደንብ ማስረዳት አይችልም ነበር። ተማሪው አርምስትሮንግ ቱቦዋን ለክቶ አጠናና በ1912 አንድ ነገር ሞከረ። ከቱቦዋ የወጣውን ድምፅ መልሶ ወደ መግቢያዋ ሰጣት። ድምፁ በዞረ ቁጥር እየጎላ ሄደ። ከዚያ በፊት በጆሮ ማዳመጫ ተጨንቆ የሚሰማው የሩቅ ጣቢያ ክፍሉ ውስጥ መጮህ ጀመረ። እኩለ ሌሊት ላይ ሮጦ ሄዶ እኅቱን ከእንቅልፏ ቀሰቀሳት።

የፈጠራ መብቱን ለማስመዝገብ ገንዘብ ፈለገ። አባቱ መጀመሪያ ትምህርትህን ጨርስ ብለው ከለከሉት። ስለዚህ ያለው አማራጭ ሥዕሉን በሕጋዊ መንገድ ማስመስከር ብቻ ሆነ። ጃንዋሪ 31 ቀን 1913 አስመሰከረ። ይህችን ቀንም ያዙልን።

ማመልከቻውን ያስገባው ወራት ዘግይቶ ነው። ለዚያ መዘግየት የከፈለው ዋጋ ቆይቶ ይመጣል።

በ1914 ጃንዋሪ በዚያ ብርድ ዴቪድ ሳርኖፍ ከሚባል ወጣት የማርኮኒ ኩባንያ ሠራተኛ ጋር ኒው ጀርሲ ውስጥ አንዲት ቀዝቃዛ ጎጆ ገብተው አደሩ። አዲሱን መሣሪያ ሲሞክሩ እስከ ሆኖሉሉ ድረስ ያሉ ጣቢያዎችን ሰሙ። ሳርኖፍ ከሩሲያ ግዛት የመጣ የድሃ ስደተኛ ልጅ ነበር። ሁለቱ ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ወዳጆች ሆኑ። ይህ ወዳጅነት የአርምስትሮንግን ሕይወት ሁለት ጊዜ ቀየረው፤ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች።

ጦርነት፣ ሀብት፣ ፍቅር

በአንደኛው የዓለም ጦርነት አርምስትሮንግ የአሜሪካ ጦር የመገናኛ መኮንን ሆኖ ፓሪስ ሄደ። እዚያም በ1918 ሁለተኛውን ትልቅ ሥራውን ሠራ፤ ሱፐርሄትሮዳይን ይባላል። ሬዲዮው የትኛውንም ጣቢያ ሲይዝ ሞገዱን መጀመሪያ ወደ አንድ ቋሚ ፍሪኩዌንሲ ያወርደዋል፤ ከዚያ በዚያው ላይ ያጎላዋል። ጣቢያ መቀየር ቁልፍ እንደማዞር ቀላል የሆነው በዚህ ነው። ለብዙ አሥርት ዓመታት ሬዲዮና ቴሌቪዥን በዚሁ መንገድ ተሠሩ። ከጦርነቱ የተመለሰው በሻለቃነት ማዕረግ ነው፤ ከዚያ በኋላም ሰው ሁሉ ሻለቃው ይለው ነበር።

ሀብትም መጣ። በ1922 አርሲኤ የሚባለው ግዙፍ የሬዲዮ ኩባንያ አንድ ፈጠራውን በ200,000 ዶላርና በ60,000 የአክሲዮን ድርሻ ገዛው። አርምስትሮንግ ከኩባንያው ግለሰብ ባለ አክሲዮኖች ሁሉ ትልቁ ሆነ። በዚያን ጊዜ ሳርኖፍም አርሲኤ ውስጥ ትልቅ አለቃ ሆኗል።

የሳርኖፍ ጸሐፊ ማሪዮን ማኪኒስ ትባላለች። አርምስትሮንግ ወደዳት። በ1923 አርሲኤ ኒው ዮርክ መሃል አዲስ የአንቴና ማማ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ሲያቆም፣ ያ ከፍታ የማይፈራ ሰው ኮፍያና ክራቫት አድርጎ ጫፉ ላይ ወጣ። ፎቶ ተነሳና ላከላት። ሳርኖፍ በጣም ተቆጣ፣ ማሪዮን ግን እሺ አለችው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ተጋቡ። ለጫጉላ ጊዜያቸው በእጅ የሚንጠለጠል ሱፐርሄትሮዳይን ሬዲዮ ሠራላት። በዓይነቱ የመጀመሪያው ነው። ባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ ከመሃላቸው አስቀምጠውት የተነሱት ፎቶ ዛሬም አለ።

የመጀመሪያው ሽንፈት

ያች የመዘግየት ዕዳ ግን መጣች። ያንን የ1912ቱን ፈጠራ ቀድሜ ያገኘሁት እኔ ነኝ ብሎ ደ ፎረስት ተከራከረው። ክርክሩ ወደ 20 ዓመት ወሰደ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስም ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በ1934 ለደ ፎረስት ፈረደ። ብዙ መሐንዲሶች ዳኞቹ ቴክኒኩ አልገባቸውም ብለው አዘኑ።

አርምስትሮንግ በዚህ ፈጠራ ምክንያት ከሬዲዮ መሐንዲሶች ማኅበር የክብር ሜዳልያ ተሸልሞ ነበር። በዚያው ዓመት ፊላዴልፊያ ላይ በተደረገ ስብሰባ ሜዳልያውን ሊመልስ መጣ። ማኅበሩ አልቀበልም አለ፤ ሽልማቱ የእርሱ መሆኑን በድጋሚ አረጋገጠ። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበለት።

እኛ እዚህ ጋ ብናቆም ታሪኩ ደስ የሚል ነበር። ግን ዋናው ሥራው ገና ነው።

ጫጫታን ማሸነፍ

የዚያን ዘመን ሬዲዮ ሁሉ ኤኤም ነበር። ኤኤም ድምፅን የሚሸከመው የሞገዱን ጉልበት ከፍና ዝቅ በማድረግ ነው። መብረቅም፣ የመኪና ሞተርም፣ የፋብሪካ ማሽንም እንዲሁ የሞገዱን ጉልበት ያናውጣሉ። ሬዲዮው ድምፁን ከጫጫታው መለየት አይችልም፤ ሁለቱንም አብሮ ያጎላል።

በባትሪ መብራት አስቡት። ማዶ ላለ ጓደኛችሁ መልእክት የምትልኩት መብራቱን በማድመቅና በማደብዘዝ ነው እንበል። ጉም ሲመጣ መልእክቱ ይበላሻል። የምትልኩት የመብራቱን ቀለም በመቀያየር ቢሆንስ? ጉሙ ቢያደበዝዘውም ቀዩ ቀይ ነው፣ ሰማያዊው ሰማያዊ። ኤፍኤም ማለት ይኸው ነው። ጉልበቱ እንዳለ ሆኖ የሚቀያየረው ፍሪኩዌንሲው ነው። ተቀባዩ ደግሞ ጉልበቱ ላይ የተጨመረውን ሁሉ ከርክሞ ይጥላል፤ ከጫጫታው ብዙው አብሮ ይወድቃል።

ሐሳቡ አዲስ አልነበረም። ግን በ1922 ጆን ካርሰን የሚባል የተከበረ የሒሳብ ሰው ቀመሩን ሠርቶ ኤፍኤም ጥቅም የለውም ብሎ ደምድሞ ነበር። ሁሉም የሚያስበው ፍሪኩዌንሲውን በጣም ጠባብ በሆነ ቦታ ማወዛወዝ ነበር። አርምስትሮንግ ተቃራኒውን ሄደ፤ ሰፋ አድርጎ አወዛወዘው። ዓመታት የፈጀው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ዲሴምበር 26 ቀን 1933 የኤፍኤም መብቶቹ ተሰጡት።

መጀመሪያ ያሳየው ለወዳጁ ለሳርኖፍ ነበር። አርሲኤ ኢምፓየር ስቴት ሕንፃ ላይ ቦታ ሰጠው፤ በ1934 ሙከራው ተጀመረ። ከከተማዋ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ሎንግ አይላንድ ላይ ተቀባዩን አስቀመጡ። ነጎድጓድ ሲመጣ ኤኤሙ በኳኳታ ተዋጠ፤ ኤፍኤሙ ግን ጠርቶ ይሰማ ነበር።

ሙከራው ተሳካ። ችግሩም እሱ ሆነ። አርሲኤ ገንዘቡን ያፈሰሰው ኤኤም ላይ ነው፤ ቀጣዩ ሕልሙ ደግሞ ቴሌቪዥን ነው። ሳርኖፍ የጠበቀው ኤኤምን የምታጸዳ ትንሽ ማጣሪያ ነበር፤ የመጣለት ግን ያለውን ሁሉ የሚተካ አዲስ ሥርዓት ነው። በ1935 አርምስትሮንግ ዕቃውን ከሕንፃው እንዲያነሳ ተነገረው።

አላቆመም። ኖቬምበር 5 ቀን 1935 ኒው ዮርክ ላይ መሐንዲሶች በተሰበሰቡበት ኤፍኤምን አሳየ። ከዮንከርስ ከአንድ ወዳጁ ቤት የሚተላለፈው ድምፅ ተራ የቤት ድምፅ ነበር፤ ውሃ ወደ ብርጭቆ ሲቀዳ፣ ወረቀት ሲጨማደድ። በኤኤም እንዲህ ያለ ነገር መለየት የማይታሰብ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ግን ውሃው ውሃ፣ ወረቀቱም ወረቀት ሆኖ ተሰማ።

ቀጥሎ በራሱ ገንዘብ ኒው ጀርሲ አልፓይን ላይ 130 ሜትር ገደማ የሚሆን ማማ አቆመ። ከልጅነት ከተማው ከዮንከርስ ትይዩ፣ ከወንዙ ማዶ ነው። ማማው ዛሬም ቆሟል። በ2001 የኒው ዮርክ መንትያ ሕንፃዎች ሲፈርሱ አንቴናቸውን ያጡ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ለጊዜው የተጠለሉት እዚያ ነበር።

ወደ ጠረጴዛዋ ሳጥን

በ1940 የኮኔክቲከት ግዛት ፖሊስ ፕሮፌሰር ዳንኤል ኖብል በነደፈው ባለ ሁለት አቅጣጫ የኤፍኤም ሬዲዮ መሥራት ጀመረ። ግዛቱን በሙሉ የሸፈነ የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ሥርዓት ነው። የፖሊስ መኪና ውስጥ ሞተሩ ራሱ ትልቁ ጫጫታ አምራች ነው፤ ኤፍኤም ያንን ገደለው።

እዚህ ጋ ወደ ሽቦአችን እንመለስ። ኤፍኤም ለጠረጴዛዋ ሳጥን ሁለት ነገር አደረገላት። አንደኛ፣ ተቀባዩ ጉልበቱን ስለሚከረክም የሩቁም የቅርቡም ተናጋሪ ድምፅ ተቀራራቢ መጠን ኖሮት ይወጣል። ወደ ሳጥኗ የሚሄደውን ሽቦ መጠን አንዴ ካስተካከላችሁ በቃ። ሁለተኛ፣ ማንም በማይናገርበት ሰዓት ተቀባዩ ሽሽሽ ይላል፤ ሞገድ ሲመጣ ግን ሽሽታው ወዲያው ይጠፋል። ስለዚህ ሽሽታውን ራሱን እንደ ምልክት መጠቀም ይቻላል፤ ሽሽታው ካለ ድምፅ ማጉያውን ዝጋ፣ ከጠፋ ክፈት። ይህች ዘዴ ስኩዌልች ትባላለች። ሳጥኗ ሌሊቱን ሙሉ ዝም ብላ ሰው ሲጠራ ብቻ የምትናገረው በእሷ ነው።

ጦርነቱ ሲመጣ የአሜሪካ ጦር ኤፍኤምን ታንክና መኪና ላይ ገጠመው። ኖብል ወደ ሞቶሮላ ገብቶ በጀርባ የሚታዘል የኤፍኤም ሬዲዮ ሠሩ፤ ዎኪቶኪ የሚለው ስም በእሱ ታወቀ። አርምስትሮንግ ለጦርነቱ ጊዜ ፈጠራዎቹን ያለ ክፍያ ለጦሩ ሰጠ። አንድ ሳንቲም አልጠየቀም።

አንድ ሚሊዮን ዶላርና አንድ መርህ

በ1940 አርሲኤ አንድ ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ኤፍኤምን ለመጠቀም ጠየቀው። ከዚያ በኋላ ምንም ላይከፍል ነው። ሌሎቹ ኩባንያዎች ግን ከሚሸጡት ዕቃ ላይ ድርሻ ይከፍሉት ነበር። አርምስትሮንግ እምቢ አለ። ትንሹ የሚከፍለውን ትልቁ የማይከፍልበት ምክንያት የለም ብሎ ጸና። አርሲኤ ግን የራሴ ነው ያለውን ኤፍኤም መሥራት ቀጠለ። የአሜሪካ ቴሌቪዥን ድምፅም በኤፍኤም ሆነ፤ ለእሱ ግን አልተከፈለውም።

በ1945 ደግሞ ሌላ ዱላ መጣ። የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን ኤፍኤምን ከነበረበት ከ42 እስከ 50 ሜጋ ኸርዝ አንስቶ ወደ 88 እና ከዚያ በላይ ወሰደው። ምክንያቱ ከከባቢ አየር የሚመጣ መረበሽ ነው ተባለ፤ አርምስትሮንግ ስሌቱ ስህተት ነው ብሎ ተከራከረ፣ አልሰሙትም። ሰው ገዝቷቸው የነበሩ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሬዲዮዎች ከጥቅም ውጭ ሆኑ። ኤፍኤም እንደገና ከዜሮ ጀመረ።

ለነገሩ ዛሬ እኛም የምንጠቀመው ያንን አዲሱን ቦታ ነው፤ ከ88 እስከ 108። ፋና 98.1 ወይም ሸገር 102.1 ስትከፍቱ እዚያው ሰፈር ውስጥ ናችሁ። ስልካችሁ ኤፍኤም ካለው ደግሞ ኢርፎን ሰክታችሁ ክፈቱ የሚላችሁ የኢርፎኑን ገመድ አንቴና ስለሚያደርገው ነው።

የመጨረሻው ክርክር

በ1948 አርምስትሮንግ አርሲኤንና በሥሩ የነበረውን ኤንቢሲን ከሰሰ። ኩባንያው ጠበቃም ጊዜም ሞልቶታል። ጥያቄው፣ ምስክሩ፣ ወረቀቱ ዓመታት ፈጀ። በ1950 መጨረሻ የኤፍኤም ዋና መብቶቹ ጊዜያቸው አለቀ፤ ከዚያ በኋላ አዲስ ገቢ የለም፣ ክሱ ግን ገንዘብ ይበላል። ሳርኖፍ ራሱ ቀርቦ ኤፍኤምን በማሳደግ ከማንም በላይ የሠራነው እኛ ነን የሚል ምስክርነት ሰጠ። አርምስትሮንግ እዚያው ተቀምጦ ሰማው።

ከዚያ በኋላ ሌላ ሕይወት አልነበረውም። ጠዋት ስለ ክሱ፣ ማታ ስለ ክሱ። ቤቱ በፋይል ተሞላ። እኛ ይህን ክፍል ስንጽፍ ከሁሉም በላይ ያሳዘነን ይሄ ነው፤ እውነቱ ከእሱ ጋር ነበር፣ ግን እውነቱ ራሱ በላው።

በ1953 ኖቬምበር ገንዘቡ እያለቀ ነበር። ማሪዮን ለእርጅናቸው ያስቀመጠችውን ገንዘብ ጠየቃት፤ እምቢ አለችው። በንዴት የእሳት መቆስቆሻ ብረት አንስቶ ክንዷን መታት። ይህን አናድበሰብሰውም፤ ትልቅ ሰው መሆኑ ያደረገውን አይሰርዘውም። ማሪዮን ቤቱን ለቃ እኅቷ ጋ ሄደች። ገናን ብቻውን አሳለፈ።

ጃንዋሪ 31 ቀን 1954 ማታ ለማሪዮን ደብዳቤ ጻፈ። እንዴት እንዲህ እንዳደረጋት እንደማይገባው የሚገልጽ የጸጸት ደብዳቤ ነበር። በዚያች ሌሊት ሕይወቱን በራሱ እጅ አጠፋ። 63 ዓመቱ ነበር። ያ የተማሪነት ሥዕሉ ከተመሰከረበት ቀን ልክ 41 ዓመት።

ከእናንተ መካከል እንዲህ ያለ ሌሊት ላይ ያለ ካለ ብቻውን አይደር። ለአንድ ሰው ይደውል፣ በር ያንኳኳ። አርምስትሮንግ ጥቂት ወራት ብቻ ቢቆይ ምን ሊሰማ ይችል እንደነበር አሁን እንነግራችኋለን።

ማሪዮን

አርሲኤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ተስማማ፤ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር ትንሽ በለጥ ያለ ገንዘብ ለማሪዮን ከፈለ። በ1940 ከቀረበው ገንዘብ ጋር ተቀራራቢ ነው።

ማሪዮን በዚህ አላቆመችም። በዚያ ክስ ምክንያት ባሏንም ትዳሯንም ያጣች ሴት ናት፤ ብትተወው ማንም አይፈርድባትም ነበር። እሷ ግን የኤፍኤምን ዋጋ ያልከፈሉትን ኩባንያዎች አንድ በአንድ ተከራከረቻቸው፤ አንዱንም አልተሸነፈችም። የመጨረሻው ሞቶሮላ ነበር፤ ያ በባለ ሁለት አቅጣጫ ሬዲዮ ስሙ የገነነው ኩባንያ። በ1967 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሞቶሮላን ይግባኝ አላይም አለ። በቃ፣ አለቀ። ባሏ ከሞተ 13 ዓመት ሆኖታል።

ዛሬ ዲጂታል ሬዲዮ እየተስፋፋ ነው። ያም ሆኖ በየጥበቃ ቤቱና በየስምሪት ክፍሉ ገና ብዙ የኤፍኤም ሬዲዮ ይሠራል። የሚይዘው ቦታ ከሙዚቃ ጣቢያ በጣም የጠበበ ነው፤ የሙዚቃ ጣቢያ ፍሪኩዌንሲውን እስከ 75 ኪሎ ኸርዝ ግራና ቀኝ ሲያወዛውዝ፣ የመገናኛ ሬዲዮ 2.5 ወይም 5 ይበቃዋል። መንገዱ ግን ያው የሻለቃው መንገድ ነው።

ከዚህ ታሪክ እኛ የያዝነው አንድ ነገር ነው። ልክ መሆንና ማሸነፍ አንድ አይደሉም፤ በሁለቱ መካከል ብዙ ዓመት ሊኖር ይችላል። አርምስትሮንግ ልክ ነበር፤ ግን ያንን ዘመን ብቻውን ሊሻገር ሞከረ። ያሻገረችው የገፋት ሚስቱ ናት።

እንግዲህ አንድ ቀን ሌሊት የአምቡላንስ ስምሪት ክፍል ብትገቡና ያችን ሳጥን ዝም ብላ ብታዩዋት፣ ተበላሽታ አይደለም። እየሰማች ነው።

ቀጣይ የማንን ሕይወት እናውጋችሁ? ንገሩን። ሬዲዮ ለሚነካካ ጓደኛችሁም አድርሱለት።